ውሃ ልክ እና የተጋደመው ፕላኔት

ሌላው ሰው ብዕር በሚሰካበት የደረት ኪስ ሽማግሌው አናጺ የሚሰኩት ትንሽ ውሃ ልክ ነው። አረፋዋ መሀል ካልቆመች እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ «ውሃ ልክ» ይላቸዋል። እንግድነት ሄደው እንኳ የተንጋደደ ፎቶ ካዩ ሳያቃኑ አይቀመጡም።

የወንድማቸው ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ለክፍሏ ጣሪያ ሩቆቹን ግዙፍ ፕላኔቶች ከእንጨት አሠራቻቸው። ሳተርንን ከነሰፊ ቀለበቱ ሰቅለው «እሰይ!» አሉ። ዩራነስ ላይ ግን ጭቅጭቅ ተነሳ። የሽቦ ቀለበቶቹ እንደ ጋሪ ጎማ ይቁሙ ብትላቸው እንደ ባርኔጣ ጠርዝ አስተኟቸው።

«አጎቴ፣ ደግሞ መልሰው አቃኑት?»

«ታዲያስ! ነገ ወላጅ ሁሉ መጥቶ ‹ውሃ ልክ ጃጀ› ይበለኝ? ይህን ስም በአንድ ጀንበር አላገኘሁትም።»

«ፀሐይ ኮከብ በምታክልበት ጨለማ እሱ እኮ ተጋድሞ ነው የሚዞረው። ድሮ አንድ ትልቅ ነገር ገጭቶ ጥሎት ይሆናል ይላሉ።»

«ከነቀለበቱ?»

«ከነቀለበቱ። ዛሬም ወገቡን አልለቀቁም።»

አናጺው የማዕዘን መለኪያቸውን አውጥተው ኳሱን በወጋው ዘንግና በቀለበቱ መካከል አስጠጉት። ልክክ አለ፤ ቀጥ ያለ ዘጠና ዲግሪ።

«ወድቆም ልኩን አልሳተም በይኛ!» ብለው ሳቁ። ፕላኔቱን አጋድመው፣ ቀለበቶቹን አቁመው ራሳቸው ሰቀሉት።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የተንጋደደ የግድግዳ ሰዓት አዩና ቆሙ።

«አንተንስ ማን ገጨህ?» አሉት። አቃንተውት፣ እያፏጩ ደረጃውን ወረዱ።