የልብስ ማጠቢያ ቤቷ መነኩሲት

ጣልያን አገር ካለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የመጣልኝ ዕለት እናቴ እልል ልትል ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። አባቴን አየችው። አባቴ የፈረንጅ ጽሑፍ አያነብም፤ ቢሆንም ደብዳቤውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ነገ ሲስተርን አነጋግራቸዋለሁ» አለና ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ቤታችን ኮልፌ ነበር። ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ኮልፌ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ነው። በባሕር ዛፉ መሃል የጭቃ ቤቶች ተበታትነዋል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጫማ ከእግር ላይ ይነጥቃል። አባቴ በየማለዳው መርካቶ ወርዶ ብትን ጨርቅ ይሸጣል። ሙስሊሞች ነን። እኔን የመነኮሳት ትምህርት ቤት ያስገባኝ ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም፤ ቅርብ ስለነበረና ሴት ልጅ ብቻዋን ሩቅ እንድትሄድ ስላልፈለገ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የነበሩት መነኩሲት፣ ሲስተር የምንላቸው፣ ለእኛ ሳይነግሩን ወደ ዩኒቨርሲቲው ጽፈው፣ መምህርነት የማጠናበት ነፃ የትምህርት ዕድል አገኙልኝ።

አባቴን የከበዱት ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ ሃይማኖቴ ነው። ሁለተኛውን በአፉ አልተናገረውም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ታላቅ ወንድሙ በጠላት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ሰሞን፣ ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም።

በማግስቱ እኔንም አስከትሎ ሄደ። ሲስተር ወንበር ሰጡት። እሱ ግን ቆሞ ነው የተናገረው።

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ሃይማኖቷን ቀይራ ብትመለስ እኔ ለሰው ምን እላለሁ? ለፈጣሪስ?»

ሲስተር አማርኛቸው እንደኛው ነበር። «ልጅዎ እኔ ጋ ስንት ዓመት ተማረች?» አሉት።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ዓመት እጄ ላይ ሆና ያላደረግሁትን እዚያ ማን ያደርገዋል ብለው ነው? ሙስሊም ሆና ትሄዳለች፤ ሙስሊም ሆና ትመጣለች። የምጽፍላቸውም ይህንኑ ነው።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ብርድ አለ ይባላል። ምን ዓይነት ልብስ ላሰፋላት?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ነው የፈቀደልኝ።

ስሄድ የማውቀው ጣልያንኛ ከሲስተር ለሦስት ወር የተማርኩትና ከልጅነቴ ጀምሮ አማርኛ እየመሰለኝ የኖረው ነው። ፌርማታ፣ ጎማ፣ ፓስታ፣ ካልሲ። በተለይ በእነዚህ ቃላት ተማምኜ ነበር። ማደሪያችን በመነኮሳት የሚተዳደር የሴቶች ቤት ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ልብሴን ላጥብ ፈልጌ አንዷን መነኩሲት «ባኞ» አልኳት። ፈገግ ብላ ወስዳ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋችልኝ። ወጣሁና እንደገና «ባኞ» አልኳት። መልሳ አስገባችኝ። በሦስተኛው ፊቷ ላይ ሐሳብ አየሁ፤ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ነበር። በመጨረሻ ቀሚሴን ይዤ በእጄ የማሸት ምልክት ሳሳያት ሳቋ መጣ። እጄን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ቤት አወረደችኝ። የኮልፌው ባኞ ልብስ የምናጥብበት ሰፌድ የሚያህል ቆርቆሮ እንደሆነ፣ የእነሱ ባኞ ግን ክፍሉ ራሱ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። አጭር፣ ክንዳቸው እንደ ወንድ የጠነከረ፣ ከማሽኖቹ ጩኸት ጋር ብዙ ዘመን ከመኖራቸው የተነሣ ጆሯቸው ደከም ያለ። ከተራራ አገር የመጡ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ቀሚሴን ከእጄ ተቀብለው ስፌቱን አገላብጠው አዩና «ማን ሰፋው?» አሉኝ።

«አባቴ አሰፋው።»

«ጎበዝ አባት አለሽ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አገኘሁ። የአሳማ ሥጋ የቀረበ ዕለት በምግብ ቤቱ በር ብቅ ብለው አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ እየገፉ ያሳዩኛል፤ እኔም ሳህኑን አልነካም። ረመዳን በብርዱ ወር ገባ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ምሳ ላይ አለመምጣቴን አስተውለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እዚያ በብርዱ ወራት ፀሐይ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። በየቀኑ በዚያች ሰዓት ማጠቢያ ቤት ስወርድ የጋለው ቧንቧ ላይ ሾርባ፣ ዳቦና አንድ ብርቱካን ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ወሩን ሙሉ አንድም ቀን አልረሱም። ስበላ አብረውኝ አይበሉም፤ እያዩኝ አንሶላ ያጥፋሉ።

በትምህርቱ ግን ተጨነቅሁ። እዚያ ፈተና በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ነው። መምህሩ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ተማሪው፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማው፣ ይመልሳል። የመጀመሪያ ፈተናዬ ሕፃን ልጅ ቋንቋን እንዴት እንደሚማር ነበር። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። መምህሩ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ጠየቁኝ። አፌ ተሳሰረ።

«ታውቂዋለሽ ወይስ አታውቂውም?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

አልወጣልኝም። ከኋላዬ አንዱ ሲያስል እንኳ ይሰማኛል። ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁና በቀስታ፣ «ያጣሽው ድምፅሽን ነው፤ እሱን ይዘሽ በፀደይ ተመለሺ» አሉኝ። ክፉ ቃል አልነበረም። እኔ ግን አባቴን ያሳፈርኩት መሰለኝና ማጠቢያ ቤት ወርጄ አለቀስኩ።

መነኩሲቷ አላባበሉኝም። የአንሶላ ጫፍ ሰጡኝ፤ ሌላውን ጫፍ ራሳቸው ያዙ።

«ለሱ ልትነግሪው የነበረውን ለኔ ንገሪኝ።»

ጀመርኩ።

«አልሰማሁም!» አንሶላውን ሳብ አደረጉት።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሰማሁ፤ አልገባኝም። ለኔ ካልገባኝ ለሱም አይገባውም። እንደገና!»

የብርዱ ወራት እንዲህ አለፉ። በየከሰዓት በኋላው የስንት ተማሪ አንሶላ እያጠፍን መጽሐፉን በሙሉ ጮኼ ነገርኳቸው። መሃል ላይ እያስቆሙ ይከራከሩኛል። መጽሐፉ ሕፃን ቃል ከመናገሩ በፊት የቋንቋውን ዜማ ይይዛል ይላል ስላቸው፣ «ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል? ስምንት ታናናሾች ያሳደገች ሴት ጠይቂ» ብለው ሳቁብኝ። የሳቸውን ምሳሌዎች ከመጽሐፉ ጋር አብሬ ያዝኳቸው።

ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ማሽኖቹን አጥፍተው ጠበቁኝ። እጃቸው ላይ ያረጀ ደብዳቤ ነበር።

«ወንድሜ የጻፈልኝ ነው» አሉ። «ወታደር ሆኖ ያንቺ አገር ሄዶ እዚያው በበሽታ ሞተ። የጭነት መኪና ነጂ ነበር። እዚህ ያሉት መነኮሳት እኅቶች ሲያነቡልኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆሙና ይዘላሉ። ትንፋሻቸው ሲቀየር አውቃለሁ። አንቺ አትዝለዪብኝ።»

ደብዳቤው የተጻፈው አዲስ አበባ፣ በዚያው እልቂት ሰሞን ነው፤ መጀመሪያው ስለ ፀሐዩ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ እናታቸው ጤና ነበር። ገጹን ስገለብጥ የሚዘለው ቦታ ላይ ደረስኩ። ዓይኔ ቀድሞ አየውና ዝም አልኩ።

«እዚያ ነው» አሉ። «አንብቢ።»

አነበብኩት። ቤቶች ሲቃጠሉ አየሁ፤ ውስጣቸው ሰው ነበረ፤ ቤንዚኑን በመኪናዬ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለእማማ አትንገሪያት፤ አንቺ ግን ጸልዪልኝ፣ እኔ መጸለይ አቅቶኛል ይላል።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ጸልዪልኝ ብሎኛል?»

«ብለዋል።»

መነኩሲቷ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ሲለምነኝ አልሰማሁትም» አሉ።

አዘንኩላቸው ብል ያን ሰዓት እውነት አይሆንም። እኔ የማስበው ስለ ቤንዚኑ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋቸውና ለማንም ልናገረው ያላሰብኩትን ተናገርኩ። «አጎቴም በዚያ ሰሞን ነው የሞተው። የአባቴ ወንድም። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ ወስደውት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ይቅርታ አላሉኝም፤ ማስተባበያም አላመጡም። ከቅርጫቱ ተነሥተው ፊቴ ቆሙና «ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሊሉት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «እንደገና» አልኳቸው። እንደገና ሞከሩ። አንዱን ፊደል ማውጣት አቅቷቸው ብዙ ደከሙ፤ እኔም አልተውኳቸውም። በመጨረሻ አባቴ እንደሚጠራው አድርገው ጠሩት። እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ በየማለዳው የሁለቱን ስም አከታትለው ሲጸልዩ ኖረዋል።

በፀደይ ወደ ቄሱ ተመለስኩ። መጀመሪያ ስመልስ እንደ ማጠቢያ ቤቱ ጮኼ ስለነበር አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ቄሱ ግን አላስቆሙኝም። ስምንት ታናናሾች ያሳደገች ሴት እንደነገረችኝ ብዬ ምሳሌውን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። አለፍኩ። የቀሩትንም ዓመታት በየተራ አለፍኳቸው።

ተመርቄ ስመለስ አባቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ በሰይቼንቶ ታክሲ ወሰደኝ። መንገዱን በሙሉ ዞር እያለ ያየኛል። ቤት ደርሰን የሶላት ሰዓት ሲሆን ምንጣፌን አንጥፌ ከእናቴ ጎን ስቆም በበሩ ሆኖ አየኝና ሹልክ ብሎ ወጣ። እናቴ ኋላ ላይ ጓሮ ሆኖ ሲያለቅስ እንዳገኘችው ነግራኛለች።

ስለ ደብዳቤው ለመናገር ሳምንት ፈጀብኝ። ስጨርስ ስለ ወታደሩ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

«የወንድሜን ስም» አለ፣ «በደንብ አድርገው ጠሩት?»

«በደንብ ጠሩት፣ አባዬ።»

«ይበቃል» አለ። ከዚያ በኋላ ለመነኩሲቷ ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ እየተቀመጠ «ከኔም ሰላም በያቸው» ይለኝ ጀመር። መልሱን እዚያ ያሉ እኅቶች እየጻፉላቸው ይልኩልኝ ነበር፤ ለአባቴም ሰላምታ አይቀርም።

ኮልፌ ውስጥ መምህርት ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ ማረፋቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ሥራ ላይ እንዳሉ ነው የሞቱት። ለአባቴ ስነግረው ሱቅ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ነበር። ጫማውን መልሶ ፈታው።

«ሰደቃ እናወጣላቸዋለን» አለ።

«ለመነኩሲት?» አለች እናቴ። ተቃውሞ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚሆን ግራ ገብቷት ነው።

«ልጄን ባዕድ አገር ላይ ወር ሙሉ ጾም ያስፈጠሩ ሰው ናቸው።»

በዚያው ሳምንት በግ ታረደ። ጴንጤቆስጤ የነበሩት ጎረቤታችን አግዳሚ ወንበሮቻቸውን ይዘው መጡ፤ የአባቴ የመርካቶ ወዳጆች መጡ፤ ያስተማሩኝ ሲስተርም መጥተው ምንጣፉ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። የሰፈራችን ሼህ ለማን እንደሆነ ሲነገራቸው አንድ ጊዜ አባቴን፣ አንድ ጊዜ ሲስተርን አዩና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

እኔ በር ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነበር። አባቴ ያን ጊዜ እምቢ ቢል ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሃይማኖቱንም ወንድሙንም ጠቅሶ ቢያስቀረኝ እኔም እቀበለው ነበር። ብርድ አለ ይባላል ብሎ ልብስ አሰፋልኝ እንጂ። ከዚያ በኋላ የሆነልኝ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ግን ለሱ አልነገርኩትም፤ እንግዶች ስለነበሩ ሳህን ማዞሩ ላይ እናቴን ላግዝ ገባሁ።