የአባባ ተናጋሪ ስልክ

ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ የወጣሁ ለት፣ አመሻሹ ላይ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ወርዶ፣ የደብረ ብርሃኑ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ የት እንደቆመ አይታይም ነበር። አባባ ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር፤ ሻንጣዬን ተሸክመው ከፊት ከፊት መሩኝ። ጀርመን የመጣሁት አረጋውያን ለመንከባከብ ነው። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው አባት አጎርሳለሁ፤ የራሴ አባት ግን ዓይናቸው ጠፍቶ እዚያ ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል።

ብርዱን እችለዋለሁ ብዬ ነበር፣ የአንኮበር ልጅ አይደለሁ እንዴ። የዚህ አገር ብርድ ግን ሌላ ነው፤ ሰው በሩን ዘግቶ ለብቻው ነው የሚበርደው። ዳቦአቸው ድንጋይ፣ ሰላምታቸው «ሃሎ» ብቻ። እኛ ቤተሰቡን፣ ከብቱን ጠይቀን ሳንጨርስ እነሱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደዋል።

የአባባ ባለ ቁልፍ ስልክ ሲበላሽ ስማርት ስልክ ገዝቼ በሰው ላክሁላቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበ የሚናገር ነገር አለው፣ ስክሪን ሪደር ይሉታል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በራሳቸው ስልክ እያናገሩኝ፣ እኔ ከዚህ እየመራኋቸው፣ ከስልኩ ቅንብር ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ፈልገው አበሩት። ልክ ሲበራ ስልኩ ጠባዩ ተለወጠ። አንዴ ሲነኩት ይናገራል እንጂ አይከፍትም፤ ለመክፈት ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ገጹን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ሁለት ጣት። እትዬ አስካለ ተበላሸ ብለው ሊያጠፉት ሲሉ፣ እኔ «ሁለቴ! ሁለቴ ይምቱት!» እያልኩ ስጮህ አከራዬ በሬን አንኳኳ።

«ፍራው ተክሌ፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» አለኝ። «ፍራው» ወይዘሮ ማለቱ ነው፤ ተክሌ ግን የአባቴ ስም ነው ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ ወይ ፍንክች። ከስልክ ጋር ነው አልኩት። ከምሳ በኋላ «ሩኤሳይት» ማለት የጸጥታ ሰዓት ነው፣ ከስልክም ጋር ቢሆን በዝግታ ይጣሉ ብሎኝ ወረደ።

የአማርኛውን ድምፅ ቀስ ብሎ እንዲናገር አድርገን ጫንንላቸው። ሲደወል የደዋዩን ስም ይጠራል፤ በሁለት ጣት ሁለቴ መታ ሲያደርጉት ይነሳል። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ሆነው ሲያለማምዷቸው አባባ አሳመሩት። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ብደውል፣ ብደውል የሚያነሳ የለም። ወድቀው ይሆን፣ እሳት ነክቷቸው ይሆን እያልኩ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። እትዬ አስካለን ለምኜ ሄደው ሲያዩልኝ፣ አባባ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል። ለካ ተናግሮ እስኪጨርስ እየጠበቁት ነው። በሽምግልና ላይ የሰው ነገር አቋርጠው የማያውቁት አባቴ ለስልኩም ያንኑ ክብር ሰጥተውታል። እሱ ደግሞ መች ይጨርሳል፤ «ስንዱ» ብሎ ስሜን ጠርቶ እንደገና ይጠራል።

ሰው እኮ አይደለም፣ ቢያቋርጡት አይቀየምም አልኳቸው። እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያነሱታል፣ ግን ሁልጊዜ ሊዘጋ ሲል ነው፣ እኔም ሁልጊዜ እንደ አዲስ እደነግጣለሁ። ባለፈው እሑድ ከሥራ እንደገባሁ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተስፋ ስቆርጥ አነሱት።

«አባባ፣ አሁንም እስኪጨርስ እየጠበቁት ነው? በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ማቋረጡንስ ለምጄዋለሁ» አሉ። «አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ቤት ስንዱ ብሎ የሚጣራ የለም። ትንሽ ይጥራሽ ብዬ ነው።»

ስለ ገብሱ አወራን፣ ስለ እትዬ አስካለ ጉልበት አወራን፣ ደህና እደሩ ተባባልን። ስልኩን ዘጋሁና ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ እኔም እንዲያነሱት አልፈለግኩም።