ጮማ የለበሰ ክኒን

አጎቴ ሥጋ ሻጭ ናቸው፤ ሲመክሩ ሐኪም፣ ሲመከሩ ድንጋይ። ኮሌስትሮላቸው ጣሪያ ነክቶ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላቸው። ከወራት በኋላ ሲመረመሩ ጭራሽ ብሶ ቁጭ!

«ይኼ መድኃኒት ነው ስብ የሚጨምረው!» ብለው ክሊኒኩን ቀወጡት።

ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው፣ «ለመሆኑ እንዴት ነው የሚውጡት?» አሏቸው።

«ይመራል እኮ! በጮማ ጠቅልዬ ነዋ!»

አብረዋቸው የሄዱት ሚስታቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ኧረ በፈጠረዎት! ክኒኑን ለብቻው በውኃ ይዋጡት!» አሉ ሐኪሙ።

አጎቴ ታዘዙ። አሁን ክኒኑን በውኃ ይውጡና አፋቸውን ሳይጠርጉ ጮማውን ያስከትላሉ። ሚስታቸው ሲቆጧቸው፣ «ሐኪሙ ለየብቻ ነው ያሉኝ!» ይላሉ። የሚታማው ግን ዛሬም ያ ምስኪን ክኒን ነው።