የጋሮማ ስልክ የሚያውቀው ቤት

እስቲ እዩት፣ ወሰን ሰፈር፣ አባይነሽ ሳሎን ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራውን የኢንተርኔት ሳጥን። ከዚህ በፊት የነበረውን ሳጥን ያስገባው ልጇ ጋሮማ ነበር፤ ዋይፋዩንም "የእማዬ ቤት" ብሎ ስም አወጣለት። አንድ ጠዋት እንጦጦ ልሩጥ ብሎ እንደወጣ ቀረ።

የእድር ሰዎች "እርምሽን አውጪ" ይሏታል። ሬሳ ሳይገኝ የምን እርም ነው? ጫካ ገብታችሁ ፈልጉ ሲባሉ የደከማቸው ሁሉ ድንኳን ለመትከል ይቸኩላሉ!

ታዲያ መስመሩ እየተቆራረጠ አላሠራ ያላት ልጇ አያንቱ የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ ስትጠራ፣ አባይነሽ ሳጥኑ ፊት ተገተረች።

"አይነቀልም! ጋሮማ ደጅ ሲደርስ ስልኩ በራሱ የሚገባው በዚህ ነው። እምቢ ሲለው ቤት ለቀዋል ብሎ ቢመለስስ?"

"እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሆነው እኮ።"

"ላንቺ ነው ሦስት ዓመት።"

ሠራተኛው መሰላሉን አስቀመጠ። "ማዘር፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደ ድሮው ካደረግነው ስልኩ ለውጡን አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይገባል።"

አባይነሽ የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ጋሮማ ያስጠናትን የይለፍ ቃል ግን አንድ ሳትስት በቃሏ ወጣችው። አዲሱ ሳጥን በራ።

አሁንም መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሳጥኑ ብልጭ ባለ ቁጥር ኮቴ ሰማሁ ብላ የአጥሩን በር ትከፍታለች። ማንም የለም። በሩን ግን ወዲያው አትዘጋውም።

ጋሮማ የት እንደደረሰ የምታውቁ፣ በሕይወት ይኑርም አይኑር፣ እባካችሁ ሄዳችሁ ቁርጡን ንገሯት።