ስብ ነው ያልኩት

ይሄን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አልማዝ ግማሹን ታውቃለች፤ እሷም ብትሆን እኔ ነግሬያት ሳይሆን ጩኸቴን ከጓዳ ሰምታ ነው። የንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ ቀለል ቀለል ያለውን ኃጢአት እየመረጥኩ ነው የምነግራቸው። ሰው አማሁ፣ ፆም ሻርኩ፣ ምናምን። ይቺን እዘላታለሁ። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ቁጭ በሉና ስሙኝ። መስቀል አያስፈልጋችሁም፤ ጆሮ ይበቃል።

መጀመሪያ ጉራዬን እወቁት፤ ጉራዬን ካላወቃችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቬንትሌተር ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ ንባቤ ግን አልቆመም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን የታጠፈች ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ፤ ሕመሙ ባይኖርብኝም አነባለሁ። ከተማው «ፕሮፌሰር» ይለኛል፤ ሲያቆላምጡኝ «ፕሮፍ»። አቦ፣ ደስ ይለኝ ነበር! አሁንም ደስ ይለኛል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ለውሸት የሚሆን ቦታ ገና ወደፊት አለ።

ስሙን ያገኘሁት ሐዋ ቤት ነው። ሐዋ ቤት እሁድ ከሰዓት ጫት የምንቅምበት ነው፤ ፍራሹ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ ቴሌቪዥኑ ከላይ ተሰቅሏል፣ በዚያ ሰዓት የጠቅላላ ዕውቀት ውድድሩ ይመጣል። ታውቁታላችሁ። አዘጋጁ ጥብቅ ያለ ሱፍ ለብሶ፣ መልሱ የተጻፈበትን ካርቶን በእጁ ይዞ፣ ተወዳዳሪው ሲሳሳት በሐዘኔታ ራሱን የሚነቀንቀው ሰውዬ። ካርቶኑን ብትቀሙት የእናቱን ስም የሚመልስ አይመስለኝም። ተወዳዳሪዎቹን ደግሞ አትጠይቁኝ። አንዱ የዲግሪ ዓይነት ደርድሮ ሲያበቃ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ሲባል «ሲድኒ» ይላል። እኔ የጫት ገራባ ከአፌ እያራገፍኩ «ካንቤራ! አንተ በግ!» እላለሁ፣ ምርጫው እንኳ ሳይነበብ። ቤቱ ያጨበጭባል። ሐዋ ለኔ ብቻ ሻዩን በነፃ ትደግመኛለች።

እንዴት ነው ሁሉን የማውቀው? እዚህ ጋ የመጀመሪያውን ልናዘዝ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚተላለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። የእሁዱ ድጋሚ ነው። ቅዳሜ ማታ ግን የድሬ ወንድ በሙሉ ኳስ ላይ ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን እንኳ ለዕውቀት የሚተርፍ የለም። እኔ ቤቴ በሬን ዘግቼ አያለሁ፣ መልሱን እሸመድዳለሁ፣ እሁድ ሐዋ ቤት ሄጄ እንደ ነቢይ እናገራለሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ነጋዴው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ባለ ሱቁ፣ አንድም ቀን «ይሄ ነገር ትናንት ታይቶ ይሆን?» አላለም። በሆዴ እንዴት እንደምስቅባቸው! ከበግ ጋር ነው የምቅመው እል ነበር። በጉ ማን እንደነበር አሁን ትሰማላችሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያምነኝ አብዲ ነበር። አብዲ የመጋላ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐጂ ዩሱፍ መጋላ ገበያ ውስጥ የግመል ሥጋ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። አብዲ ራሱ ባጃጅ ይነዳል፣ የሰው ባጃጅ። ማታ ማታ ገቢውን ለባለቤቱ ያስረክባል፣ በተረፈችው ቤት ያስተዳድራል። እሁድ እሁድ አጠገቤ ይቀመጥና እኔ ስመልስ ጉልበቱን ይመታል፦ «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ጂኒ አለበት!»

አንድ ቀን እየሮጠ ሱቄ ገባ። ለውድድሩ በስልክ ተመዝግቦ፣ ፈተናውን አልፎ፣ አዲስ አበባ ና ተብሏል። የዚያን ሰሞን የመጨረሻዋን ጥያቄ የመለሰ አዲስ ባጃጅ ይሸለማል።

«ፕሮፍ፣ ለወዳጅ መደወል የሚባል ነገር አለ አይደል? የምደውለው ላንተ ነው።»

«እና ለማን ልትደውል ኖሯል?» አልኩት።

አያችሁ? አመሰግናለሁ አላልኩም። «አብዲ፣ እኔ ቅዳሜ ነው የማየው» ማለትስ ምን ያህል ከባድ ነበር? ቬንትሌተር ፈትቼ ከምገጥመው ያነሰ ሥራ ነው። አላልኩም። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ኢትዮጵያ ድምፄን ልትሰማ ነው።

የቀረጻው ቀን፣ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ሱፌን ለብሼ ስልኩ ፊት ተቀመጥኩ። ለስልክ ክራቫት ያሰረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በድሬ ሙቀት፣ ድምፁ እንዳይረብሽ ብዬ ቬንትሌተሬን አጥፍቼ፣ ላቤ በአንገቴ እየወረደ። ስልኩ ጮኸ። ያ ባለ ካርቶን ሰውዬ ነው። «ከድሬዳዋ ፕሮፌሰር የሚባሉትን ወዳጅ አግኝተናል!» አለ። አበጥኩ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ እንዳለን ነግሮ መስመሩን ለአብዲ ሰጠው።

የአብዲ ድምፅ እየሳቀ ነበር። «ፕሮፍ! የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፤ ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት። የግመል ሻኛ ውስጥ የሚከማቸው ምንድን ነው? ውኃ፣ ስብ፣ አጥንት፣ ወይስ አየር?»

አሁን እኔን አስቡኝ። ቅዳሜ የለም፤ ሽምደዳ የለም፤ እኔና ጭንቅላቴ ብቻ ነን። ጭንቅላቴን ከፍቼ ባየው ባዶ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ያልሞላሁት ነገር ከየት ይመጣል? ግን ዝም ማለት ለኔ ሞት ነው። ግመል፣ በረሃ፣ ጥም፣ አልኩ በልቤ።

«ውኃ!» ብዬ ጮህኩ። «ውኃ ነዋ! ይሄ ደግሞ ለሕፃን የሚጠየቅ ነው!»

ሳቁ ጠፋ። «አቦ... ፕሮፍ፣ ስብ አይደለም እንዴ? እርግጠኛ ነህ?»

«አብዲ! በሕዝብ ፊት እንዳታሳፍረኝ! ውኃ አልኩህ!»

ስልኩ ተቋረጠ።

አልማዝ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ውኃ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«የበሬውስ ሻኛ? ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሻኛ ካልተቆረጠልኝ ብለህ ሥጋ ቤት የምትጣላው፣ ውኃ ልትጠጣ ነው?»

እኛ ቤት ግመል አይበላም። ብዙ ጊዜ ይሄን ምክንያት ላደርገው ፈልጌያለሁ፤ አልማዝ በአንድ ጥያቄ ቀማችኝ። በገዛ አፌ ያኘክሁትን፣ ቅባቱን ከጣቴ የላስኩትን ነገር አላውቀውም! ይሄ ነው ፕሮፌሰሩ። ጋዜጣ ላይ ካልተጻፈ፣ ቅዳሜ ካልተነገረው፣ ምላሱ ላይ ያለውን የማያውቅ።

አብዲ ባዶ እጁን ተመለሰ። እስኪተላለፍ ለማንም እንዳይናገር አስፈርመውት ስለነበር ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ የኔ ዝምታ ግን ፊርማ አልነበረበትም። ባጃጁን ከሩቅ ሳይ ዛፍ ጥላ ውስጥ እገባ ነበር። እስቲ ይታያችሁ፣ ክራቫት ያሰረው ሰውዬ፣ ዛፍ ኋላ!

የሚተላለፍበት ቅዳሜ ደረሰ። ለአብዲ ሲባል ኳስ ተዘጋ። ድሬ ውስጥ ኳስ ሲዘጋ አስቡት። ሐዋ ቤት ከበሩ ውጪ ድረስ ሞላ። አብዲ መሐል ተቀምጧል፤ እኔ ዳር። ጥያቄው መጣ፣ አብዲ ስልክ እንዲደወልለት ጠየቀ፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ቆርጠውታል! የኔን ግማሽ ደቂቃ ቆርጠው ለሳሙና ሰጥተውታል። ማስታወቂያው ሲያልቅ አብዲ ብቻውን ቆሞ «ከወዳጄ ጋር ተማክሬ... ውኃ» አለ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ።

ቤቱ ፈነዳ። «ወሪያ አብዲ!» አለች ሐዋ፣ «የሐጂ ዩሱፍ ልጅ! የግመል ሥጋ አዋቂ ልጅ!» አንዱ ከኋላ «ሻኛው ቧንቧም አለው እንዴ?» አለ። ሳቁ ሳያልቅ ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«ፕሮፍ፣ አንተ ምን ብለኸው ነበር?»

ይኸውላችሁ። ሙሉ ኑዛዜው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዙሪያው ነው። እኔ ተጠየቅሁ። እኔ አፌን ከፈትሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ምርቃናም አልነበረም፤ የዚያን ቀን ጫት አልቃምኩም። ፊቱን እያየሁ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ስብ ነው ያልኩት። ምን ላድርገው? ደነገጠ መሰለኝ።»

አብዲ አየኝ። ረጅም አይደለም፣ አጭር ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «አዎ፣ እሱስ ስብ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሐዋ ሻይ ደገመችኝ። ጠጣሁት። እንዴት ወረደልኝ? ወረደ፤ ጣፋጭ ነበር።

ያን ማታ ቤቴ ያደረሰኝ እሱ ነው። ስወርድ «ለምን?» አልኩት።

«ሻኛ ስብ መሆኑን አውቅ ነበር እኮ» አለ። «ስልኩን ያስደወልኩት አንተ እንድትመልሳት ነው፤ ስምህ በቴሌቪዥን እንዲነሳ። አንተ ስትጮህብኝ ግን የገዛ አፌን ተጠራጠርኩ።»

«እሺ፣ ዛሬስ? ሐዋ ቤት?»

ሞተሩን አስነሳ። «አንተ ያለ ዕውቀትህ ምን አለህ አቦ? እኔ የሰውም ቢሆን ባጃጅ አለኝ።»

ያልተሰደብኩት ስድብ የለም በዕድሜዬ፤ እንደዚህች ያለ ግን አልሰማሁም። እሱ ደግሞ ስድብ መሆኑን እንኳ አላወቀም። አዝኖልኝ ነው።

በማግስቱ ስሙ ወጣ። «ውኃው»። ባጃጅ ፌርማታ ላይ «ውኃው፣ ተራህ ነው!» ገበያ ውስጥ «ውኃው፣ ጠምቶኛል፣ ግመልህን ቅዳልኝ!» እኔም ሰው ፊት እስቅ ነበር። አንዳንዱን ቀልድ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የቧንቧዋን አስረዝሜ፣ ቆጣሪ ጨምሬበት፣ ለፍራሹ ሁሉ አከፋፍያታለሁ። ይሄንንም ጻፉልኝ።

ሐጂ ዩሱፍን አንድ ቀን መጋላ አገኘኋቸው፤ ሥጋ መሸጡን ትተው ልጃቸው ቤት ደጃፍ ይቀመጡ ነበር። እጄን ያዙኝ። «አንተ የምታነብ ሰው ነህ» አሉ፤ «ልጄን ምን ነካው? እኔ ሻኛ አቅልጬ ስቡን እያጠጣሁ ነው ያሳደግኩት። ሰው ይሄን ይረሳል?»

አሁንም ዕድል ነበር። ከሳቸው በቀር ሰሚ የለም፤ ሐዋ የለች፣ ሻይ የለ። ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ሐጂ፣ የካሜራው መብራት ያደናግራል።»

«አንተስ ነግረኸው ነበር አሉ። አላህ ይስጥህ» አሉኝ።

መረቁኝ። እኔ አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩ፣ ጆሯቸው ደከም ብሎ ስለነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ፤ ልጃቸው የግመል ሻኛ እንደረሳ፣ እኔ ደግሞ ላድነው እንደሞከርኩ እያሰቡ ሄዱ። ይሄን የሚያስተካክል ድጋሚ የለም፤ እሁድም የለው።

ለምን ዛሬ ተናገርክ ትሉኝ ይሆናል። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ፀሐዩ ከርሮ ከዚራ መንገድ ዳር ቆሜ፣ የአብዲ ባጃጅ ስታልፍ «አብዲ!» ብዬ ጠራሁ። አልሰማም። ደግሜ «አብዲ!» አልኩ። ዝም። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው «ውኃው!» አለ፤ ባጃጇ ቀጥ ብላ ቆመች፣ አብዲም እየሳቀ አንገቱን አወጣ። እኔን ሲያይ «ግባ ፕሮፍ» አለኝ። ገባሁ። እሱ ስሙን ረስቷል፤ እኔ ደግሞ እሱ በገዛ ስሙ የከፈለልኝን «ፕሮፍ» ይዤ ኋላ ተቀምጫለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምን አግብቷችሁ? ይቅር የሚሉኝ አንደኛው መሬት ውስጥ ናቸው፤ ሌላው ደግሞ ሳልጠይቀው ይቅር ብሎኝ ጨርሷል፣ እሱ ነው የማልችለው። የመጪው እሁድ ሐዋ ቤት ሁሉም ፍራሹን ሲይዝ፣ ቴሌቪዥኑን አስጠፍቼ ይሄንኑ እላለሁ። ካልኩ በኋላ ሻይ ትደግመኝ አትደግመኝ የሷ ጉዳይ ነው። እናንተ ግን ድሬ ከመጣችሁ፣ ከዚራ ውስጥ ገብታችሁ «ውኃው!» ብላችሁ ጥሩ። ከቬንትሌተሮቹ መሐል «አቤት» ብሎ የሚወጣው ሰውዬ እኔ ነኝ።