ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ የመሥሪያ ቤቱን መኪኖች ለስንቅ ማመላለሻ ወሰዷቸው፤ ሹፌሮቹንም አብረው። «ቶሎ ነው የምመለሰው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ሞኝ አመንኩት። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመታችን ነበር። ልደታ፣ ከጠመንጃ ያዥ ብዙም በማትርቅ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ዘመዶቼ ቡታጅራ ናቸው። የግቢው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሰላምታ አያጓድልም። ግን በሰላምታ ብቻ ቤት አይሞቅም። ማታ ማታ ሬዲዮኑን ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እሟገት ነበር፤ ሌላ የሚመልስልኝ ሰው የለማ።

ማርገዜን ያወቅሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወርዶብኛል። ያኔ ገና ሳይጠና ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ሲወርድ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርኩ ለሰው ሁሉ ማስረዳት ሆነ። ሁለተኛ አይለመደኝም አልኩ። እስኪጠና ድረስ በሆዴ እይዘዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ አባቱ ነው፣ ከኔው አፍ። እንዴት እንደምነግረውም አስቤ ጨርሼ ነበር። በሩን ሲከፍት ዝም ብዬ እጁን ይዤ ሆዴ ላይ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይናገር እንግዲህ፣ ወሬኛው እሱ ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው ትልቅ ሴት ነበሩ። እማማ ነበር የምላቸው። የግቢው ኮሶ የሚለካው በሳቸው እጅ ነው። ፋሲካ አልፎ፣ የቅርጫው ጥሬ ሥጋ በየሆዱ ከገባ በኋላ ግቢው በሙሉ በአንድ ቀን ኮሶ ይጠጣል። አበባውን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ለየሰው እንደ አቅሙ ይሰጣሉ። የዚያን ቀን ማንም የማንንም በር አያንኳኳም። የቀበሌው ስብሰባ እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ ሰው ላይ አይጨክንም።

እኔን ደግሞ ከጾሙ ጀምረው ሲያዩኝ ከርመዋል። ጠዋት ጠዋት አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ የወጥ ሽታ ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ። ይኼ ሁሉ ለሳቸው አንድ በሽታ ነው። «ኮሶሽ ነው ልጄ፤ የክትፎ አገር ሰው ሌላ ምን ይይዘዋል» አሉኝ። ሳቅሁ። ባልስቅ አለቅስ ነበር።

ኮሶ ጽንስ እንደሚያስወርድ ያልሰማች ሴት የለችም። እናቴ ስሟን ሳትጠራ የምታወራልን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ነበረች፤ ተደብቃ ብዙ ጠጥታ እሷም ልጁም ተያይዘው ሄዱ። ታዲያ እኔ እንቢ ብል ለምን እባላለሁ። አሞኛል ብል ደግሞ የባሰ ነው፤ ለሳቸው መታመሜ ነው እኮ ኮሶ የሚያጠጣኝ። ተቀብዬ ከጓሮ እደፋዋለሁ ብዬ ቆርጬ ተኛሁ።

ጠዋት በብርጭቆ ይዘው መጡ። ለሌላው ሰው ከበር ሰጥተው ነው የሚሄዱት። እኔ ጋ ግን ገቡና ዱካ ላይ ተቀመጡ። «አንቺማ ሰው የለሽም» አሉ፣ «ሲያዞርሽ ማን ይይዝሻል? ጠጪ፣ አለሁ።» እነዚያን ሁሉ ወራት አንድ ሰው ቤቴ ገብቶ ቢቀመጥልኝ ብዬ ስመኝ፣ እግዜር የላከልኝ በዚያ ጠዋት ነው። ብርጭቆውን ያዝኩ። መራራው ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ከንፈሬን ነካ። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም።

«እማማ፣ እርጉዝ ነኝ» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ነጠቁኝ። ወጥተው ቦዩ ውስጥ ሲደፉት ሰማሁ። ሲመለሱ «በዝምታሽ ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊኝ ነበር?» ብለው ጮኹብኝ፤ ቀጥሎ አቅፈውኝ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፣ በንዴት ጭምር። ያ ወሬ የሱ ነበር። ስንት ጊዜ ያቆየሁለትን ነገር ለጎረቤት አወጣሁበት። ቢያንስ እሱ እስኪሰማ ለማንም እንዳያወሩብኝ ለመንኳቸው። በልደታ ማሉልኝ።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ግን ቆፍጣና። «አሁን ገና የልጁ የደም ሥር የሚዘረጋበት ጊዜ ነው» አለች። «ከእናትየው ወደሱ ምግብ የሚሄድበት መንገድ ራሱ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ትል የሚገድል ነገር እዚያ ቢደርስ ምን እንደሚያደርግ ማን ለክቶ ያውቃል?»

«ዳማከሴስ?» አሉ እማማ።

«ይቅር።»

«ቡና ላይ ጣል የማደርግላት ጤና አዳምስ?»

«እሷም ትቅር።»

«ፌጦስ?»

«እማማ፣ ያረገዙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እስከ ሜክሲኮ ድረስ እያጉረመረሙ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የቅጠል ዘር ደጄን አላለፈም። ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ የሚሰጡኝ ሙቅ ውሃና ምክር ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ ከቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ስመለስ እማማን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «የባልሽ ጓደኞች መጥተው ነበር» አሉኝ። «መንገዱ ተዘግቶ ነው አሉ። ሲከፈት ይመጣል።» ደስታዬን አትጠይቁኝ። ክረምቱን በሙሉ እሳቸው ዘንድ እየተቀመጥኩ ወሬዬ ሁሉ እሱ ነበር፤ ሲሰማ ምን እንደሚል፣ እንዴት እንደሚያብድ። «እሺ ልጄ» ይሉኛል። የግቢው ሰው ግን ተለወጠብኝ። ድሮ «ወሬው ደረሰሽ ወይ?» የሚለኝ ሁሉ አሁን ስሙን አያነሳም። እኔ ስጀምር ወሬ ይቀይራል። እንዲህ ቶሎ ረሱት ብዬ ከእማማ በቀር ከሁሉም ጋር ተኮራረፍኩ። ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሆዴ ጋር ብቻ አወራለሁ፤ እንደዚያ ክረምት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ኅዳር ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ክርስትናው ሲነሳ ቄሱ የዓለም ስሙን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። «አባቱ መጥቶ ያውጣለት» አልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የግቢው ሰው በሙሉ ቆሟል፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ። እማማ ከፊት ናቸው። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም ክርስትና ሳይነሳ። ይኼን እኔም አውቃለሁ። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እማማ ልጁን ታቅፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«በሰኔ ነው የሰማነው።»

«ያኔ የመጡት ጓደኞቹ?»

«እነሱ ናቸው። እርጉዝ ናት ብዬ ከበር መለስኳቸው።» እንደማልተዋቸው ሲያውቁ ቀጠሉ። «አላመኑኝም ልጄ። ‹ሚስቱ ብታረግዝ ለኛ ሳይነግረን አያድርም ነበር› አሉኝ።»

ልጁ ነቅቶ አለቀሰ። ተቀብያቸው አጠባሁት።