ያልደረሰው ጠላ

በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሰባተኛ ክፍል ስማር፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ህንዳዊ መምህር በቃላት ቀልድ አያውቁም ነበር። ገና ሲቃረብ አንድ ጧት ሰሌዳው ላይ አግሪ፣ አክሴፕት፣ አሴንት፣ ኮንሰንት ብለው ጻፉና ልዩነቱን ጠየቁን። ሁላችንም ለአራቱም «እሺ ማለት ነው» ብለን ጻፍን። ለሁላችንም ዜሮ ሰጡን።

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዱን። አግሪ የአንተና የሌላው ሐሳብ ሲገጥም ነው። አክሴፕት የቀረበልህን መቀበል ነው፣ ወደድኸውም አልወደድኸው። አሴንት ሌሎች የጨረሱትን ነገር ራስህን ነቅንቀህ ማጽደቅ ነው። «ኮንሰንት ግን» አሉ ጠመኔውን ከፍ አድርገው፣ «ያለ አንተ ፈቃድ የማይሆን ነገር ሲኖር፣ እምቢ ማለት እየቻልህ ስትፈቅድ ነው።» ይህ የመጨረሻው አልገባኝም። እምቢ ማለት የምችለው ነገር ምን እንደሆነ ባስብ ባስብ ላገኝ አልቻልሁም። የጧት ቆሎዬን እንኳ የምትሰፍርልኝ አክስቴ ናት።

ለገና ዕረፍት አርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ካለው ቤታችን ስገባ ግቢው ተጠርጓል፣ ጓዳው የጠላ ሽታ ይዟል፣ እናቴ ዓይኔን አላይ ብላለች። ምን ተፈጠረ ብዬ ሳልጠይቅ ታናሽ እህቴ አወጣችው። ለእኔ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ሰውየው የእስቴ ሰው ነው፣ ከብት የሞላው፣ ሚስት የሞተችበት። ትምህርቴ እዚያው ላይ ሊቆም ነው ማለት ነው። ተናደድሁ። ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልሁም፤ ሴት ልጅ አባቷ ፊት ስለ ባል አፏን ከፈተች ከተባለ መንደሩ እስክታረጅ ያወራታል።

በእኛ ወገን ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ እህል ውሃ አይቀምስም። አባትም ልጄን ሰጥቻለሁ ብሎ በአፉ አይናገርም፣ ነውር ነው። «ጠላ አምጪ» ብሎ ልጅቱን ይጠራል። ይዛ ከገባችና ከጠጡ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማፍረስ ደም ያቃባል።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆመው ተናገሩ፣ አባቴ እንደ ወጉ ጥቂት ተግደርድሮ አስቀመጣቸው። እኔ ከጓዳ እሰማለሁ።

«አንቺ ልጅ! ጠላ አምጪ!» አለ።

እናቴ ማሰሮውን ሞልታ ሰጠችኝ። እስከ ጓዳው መጋረጃ ሄድሁ፤ እዚያ ላይ የመምህሩ ቃል ገባኝ። ማንም ምን ትያለሽ አላለኝም፤ ግን ያለ እጄ ነገሩ አይሆንም። ማሰሮውን መሬት አስቀመጥሁት።

«ምን ሁነሻል?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«አልገባም፣ እማየ።»

«አባትሽን ልታዋርጅ ነው?»

«አልገባም።»

አባቴ ዳግመኛ ተጣራ። እናቴ ማሰሮውን ብድግ አደረገችው። አለቀልኝ አልሁ፤ እሷም ይዛ ብትገባ ያው ነው፣ የተጠማ ሽማግሌ ቀጂ አይመርጥም። እናቴ ግን እያየችኝ ጠላውን ወደ ጋኑ መለሰችው። ክዳኑን ገጠመችና እጇን ጠርጋ ባዶዋን ወጣች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጠላው ገና አልደረሰም» ስትል ሰማኋት።

የጠላው ሽታ ከጓዳ አልፎ ደጅ ድረስ ይጣራ ነበር፤ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ወደ አባቴ ዞረው ጠበቁ። አባቴ «ደርሷል እንጂ» ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። አላለም። መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«እንግዲያስ ሲደርስ እንመጣለን» ብለው በትራቸውን አነሡ።

አባቴ እናቴን እስከ ጥምቀት አላናገራትም። ሰውየውም ተቀይሞ ቀረ፤ ሁዳዴ ሳይገባ ከስማዳ በኩል ሌላ ልጅ አገባ። እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያቺ የማላውቃት ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። እሷ ቤት ጠላው ደርሶ ነበር ማለት ነው። የአባቴን ዝምታም ከአራቱ ቃላት ከየትኛው ጋር እንደምመድበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያን ቀን ምን አደፋፈረሽ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ባቄላ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እኔንም አባቴ ጠላ አምጪ ብሎኝ ነበር» አለች። «ይዤ ገባሁ።»